ወረታ ላይ መኪናው አልተበላሸም

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጳጉሜን 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

እኔ ከናፍቆትሽና ከሆዴ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሆዴን የጠቀስሁት ሕመም ይዞኝ አይደለም፤ ከባሕር ዳር እስከ ላሊበላ ያጎረሱኝን ገና አወራርዶ አልጨረሰም።

ይህን የሚያነብልሽ የእህቴ ልጅ ነውና አስቀድሜ አደራ ልበለው፤ ልጄ፣ ወረታ የሚለው ቃል ጋ ስትደርስ ዘነዘናውን ከአያትህ አጠገብ አንሣ።

እማ፣ ለቡሄ ዋዜማ እደርሳለሁ ብዬ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው የደረስሁት። ችቦው ነዶ፣ ሙልሙሉ አልቆ፣ የሆያ ሆዬ ልጆች ድምፃቸው ሰልሎ። «ወረታ ላይ መኪና ተበላሸ» አልሁሽ፤ አንቺም «የብረት ነገር» ብለሽ አዘንሽልኝ። መኪናው አልተበላሸም። ያንን ንጹሕ መኪና በሐሰት ስላማሁት ይኸው ለንስሐ ተቀመጥሁ።

ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ አገር ሰው ለሥራ በየማለዳው የሚነዳው መንገድ ነው። እኛ አገር ግን መንገድ የሚለካው በደጃፍ ነው፤ አንድ ደጅ ሳይገቡ ካለፉ ወሬው ቀድሞ ደብረ ታቦር ይገባል። ሐሙሲት ላይ ክርስትና እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከመንገዱ ዳር ቆማለች። ፍልሰታ ስለሆነ በጾም አመካኝቼ ቶሎ እወጣለሁ ብዬ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ሹሮው፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው፣ ስልጆው ተራ በተራ መጣ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን ጀምበር ጠለቀች፤ እዚያው አደርን። ሹፌሩንም «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ይዘውት አመሹ።

እንግዲህ ወረታ። ዘነዘናው ተነሥቷል?

ያደርሁት የአክስትሽ ልጅ ቤት ነው። አዎ፣ 11 ዓመት ስሟን የማትጠሪያት፣ «ያቺ አገልግሌን ያስቀረችው» የምትያት። እኔ ፈልጌያት አይደለም፤ ሹፌሩ ሽንኩርት ልግዛ ብሎ ቢቆም እርሷም ሽንኩርት እየመረጠች ኖሯል። ቀና ብላ አየችኝና «በጆሮህ አወቅሁህ፤ የአባትህ ጆሮ ነው» አለች። ከዚህ በኋላ የት ይኬዳል?

ያቀረበችልኝ እንጀራ ከጤፍና ከሩዝ የተደባለቀ ነው፤ ንጣቱ ዓይን ይወጋል። አንቺ ሩዝን ከእህል እንደማትቆጥሪ አውቃለሁ። ወረታ ያለችበት ፎገራ ግን በላሞቹ ብቻ የሚታወቅበት ዘመን አልፏል። በደርግ ጊዜ ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች ሩዝ አስለመዱ፤ አሁን ነሐሴ ላይ ሜዳው ውኃ ቋጥሮ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሏል። ሌሊቱን ስለ አንቺ ስናወራ አደርን። የተባባልነውን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ፤ አሁን ብነግርሽ የቀረውን አትሰሚኝም።

ደብረ ታቦር የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ ጾሙን የፈታሁበትን ዶሮ ያረድሽው አንቺ ነሽ። የማታውቂው ከተለያየን በኋላ ያለውን ነው።

ነሐሴ 18 ቀን ስንነሣ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ በጋፋት በኩል ካላለፋችሁ አለ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበትን ቦታ እያሳየ፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ በ1860 ዓ.ም. ከ5 ወር በላይ እንደፈጀ አስረዳኝ። ክብደቱና ገደሉ ነው ይላል የታሪክ ሰው። እኔ ግን ያንን መንገድ ከሄድሁ በኋላ ሌላ ጥርጣሬ አድሮብኛል፤ መድፉ በየመንደሩ ዘመድ ነበረው።

ጓደኛዬ የሚኖርበት ክምር ድንጋይ ስንደርስ ደግሞ ጉና ከነውርጩ አናታችን ላይ ተቀምጧል። 4,100 ሜትር ገደማ የሚሆን ተራራ ጎረቤቱ የሆነ ሰው እንግዳውን በውኃ አይቀበልም፤ ጓደኛዬ አረቄውን አስቀድሞ፣ ከምድጃው ትኩስ ድንች አውጥቶ እፍ እያለ ይልጥልኝ ጀመር። «አንድ ብቻ፣ አፈር ስሆን!» እያለ ዘጠኝ አበላኝ። ስነሣ ባና አለበሰኝ። እምቢ ብል «እንግዲያስ ድንቹን ትወስዳለህ» አለ፤ ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ።

ነፋስ መውጫ እንደ ስሟ አይደለችም፤ ነፋሱ ሲገባ እንጂ ሲወጣ አላየሁም። አጎቴ ቤተልሔም ድጓ የተማሩ ሰው መሆናቸውን ረስቼ «ማዕዱን ይባርኩልን» አልሁ። ባረኩ፤ ወጡ ሁለት ጊዜ ተሞቀ። ከዚያ ሹፌሩን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው በአምስተኛው ከአያቴ ጋር አገናኙት። ሙክቱ የታረደው ለእኔ መስሎኝ ነበር፤ ፍሪምባው ለእርሱ ቀረበ። ለካስ እኔ ነኝ የእርሱን ዘመዶች ልጠይቅ መኪና የተከራየሁት! «ከዘመድማ ሒሳብ አልቀበልም» ሲል ከረመ፤ ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ግን ቆጥሮ ተቀበለኝ።

አሁን እዚህ ነኝ። የአጎቴ ልጅ ከእኔ ቤት የ15 ደቂቃ መንገድ ላይ ይኖራል፤ ለመገናኘት ቀጠሮ ይዘን ሁለት ጊዜ አራዝመነዋል። በቀደም ከሥራ ስወጣ ሳልደውል ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ሲከፍት ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ «ማን ሞተ?» አለኝ። «ማንም አልሞተም፤ ነፋስ መውጫ ሄጄ ዐመል አውጥቼ ነው» አልሁት። እኩለ ሌሊት ድረስ ተጫወትን። ቤቱ ውስጥ ከእንቁላል በቀር ምንም አልነበረም፤ እርሱኑ በላን።

እንግዲህ የወረታዋን ልንገርሽ። ሌሊት አገልግልሽን አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ቆዳውን ቅቤ ስትቀባው ኖራለች፤ ጠፍሩን አሳድሳዋለች፤ ክዳኑ ላይ አንቺ በቀይ ክር የጠቀምሽው አሁንም አለ። «ባዶውን እንዴት ልመልሰው?» አለችኝ። «ዘንድሮ አልሞላልኝም፣ ለከርሞ እያልሁ ቆየሁ። ከዚያማ ሲዘገይ አፈርሁ፤ በደጇም ማለፍ ተውሁ።»

ይዤው መጣሁ እማ፤ ዓይንሽን እያየሁ ለመስጠት ግን ወኔ አጣሁ። ለፍልሰታ ቅዳሴ ስትሄጂ ጠብቄ ከቆጡ ላይ፣ ከማዳበሪያው ሥር ሸሸግሁት። ልጁ ያውርድልሽ፤ ይከብዳል፤ እስከ አፉ ሩዝ ነው።

ለመስቀል ልትጠይቅሽ ትመጣለች። ስትመለስ አገልግሉን ባዶውን እንዳትሰጫት።

ልጅሽ