የዝንጀሮ ቁጥርና የጥንብ አንሣ ቁጥር

ተረት ተረት። የመሠረት።

በድሮ ጊዜ፣ ዱከም ላይ ፋብሪካ ሳይተከል፣ ከየረር ተራራ ሥር አራዊት አንበሳን አንግሠው ይኖሩ ነበር። አንድ ክረምት ብርዱ ሲጠና በየዋሻው ተፋፍገው አደሩ፤ በዚያው ሳል ገባ። የያዘው ይከሳል፣ ሌሊት ያልበዋል፣ ደም ይተፋል። መድኃኒቱን ዔሊ ታውቃለች፤ ነገር ግን ስድስት ወር ሳያቋርጡ መውሰድ ግድ ነው።

አንበሳ ዝንጀሮን ጠርቶ «በሽተኛውን ቁጠርልኝ» አለው። ዝንጀሮም ዔሊ ደጃፍ ተቀምጦ የመጣውን ሲቆጥር ከረመ። በዓመቱ «ጌታዬ፣ ደስ ይበልዎ! አምና መቶ ነበሩ፣ ዘንድሮ ስልሳ ሆኑ» አለ። አንበሳ ተደስቶ ለዔሊ የሚሰጠውን የመድኃኒት ወጪ በግማሽ ቀነሰ።

ይህን ጊዜ ጥንብ አንሣ ከሸንጎው ፊት ቀረበ። «ጌታዬ፣ እኔ የማየው ሬሳ ነው። አምና ሠላሳ፣ ዘንድሮም ሠላሳ። በሽታው ከቀነሰ ሟቹ ከየት መጣ?»

መልስ የሰጠች ጉንዳን ናት። «ዝንጀሮ የቆጠረው ደጅ የደረሰውን ነው። ጥንቸል መንገዱ ርቋት፣ ሚዳቋ ጎረቤት እንዳይሸሻት ፈርታ፣ አህያ የቀን ሥራዋ እንዳይቀርባት ብላ ቤታቸው ሆነው ያስላሉ። ይፍቀዱልኝና ቤት ለቤት ልጠይቅ።»

ጉንዳን ዞራ መቶ ሃምሳ ሳላም አገኘች። አንበሳ አገሳ፦ «በሽታ አበዛሽብኝ!»

«በሽታውስ ድሮም ነበረ ጌታዬ፤ አሁን ተገኘ እንጂ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

አንበሳ ነገሩ ገባው። የመድኃኒቱን ወጪ እጥፍ አደረገ፣ እስከ በሽተኛው ቤት እንዲደርስ አዘዘ፣ ዋሻዎቹንም ነፋስ እንዲገባባቸው አስበሳ። በተከታዩ ዓመት ጥንብ አንሣ የቆጠረው ሬሳ አሥር ብቻ ሆነ።

ተረቱ የእኛ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም 10.8 ሚሊዮን ሰው በቲቢ ታመመ፤ አዲስ ተመርምሮ የተመዘገበው 8.2 ሚሊዮን ነው። 1.25 ሚሊዮን ሰው ሞተ። ኢትዮጵያም የቲቢ ጫና ከከበደባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ለፋብሪካ ሥራ ከየአገሩ የመጣ ወጣት ጠባብ ክፍል ተጋርቶ በሚያድርባት ዱከም፣ ሁለት ሳምንት ያሳለውን ደጁ ድረስ ሄዳ የምትጠይቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጉንዳናችን ናት። ያገኘችው በሽተኛ ሲበዛ የሚቆጣ ሹም ሟቹን ያበዛል፤ መድኃኒት የሚጨምርላት ግን ወገኑን ያተርፋል።