የቤተሰብ ኮሜዲን ማፋለሻ መመሪያ

በቴሌቪዥን የቤተሰብ ኮሜዲ ላይ ዘመን የሚሻገር ስህተት ለመሥራት ከሁሉ በፊት መዝገብ አለመያዝ ነው። የገጸ ባሕርያቱ ስም፣ ዕድሜና አድራሻ በአንድ ደብተር ከሰፈረ ስህተቱ ገና በጽሑፍ ሳለ ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ የተጀመረው «አይ ላቭ ሉሲ» ጥሩ ማሳያ ነው። የሉሲ ጎረቤት የኤቴል የመካከል ስም አንዴ ሉዊዝ፣ አንዴ ሮበርታ፣ አንዴ ሜይ ይሆናል። የሚኖሩበት ሕንፃ ደግሞ ኒው ዮርክ፣ ምሥራቅ 68ኛ ጎዳና፣ ቁጥር 623 ነው። ቁጥሩ በከተማዋ ካርታ ላይ ቢፈለግ የሚያርፈው ኢስት ወንዝ ውስጥ ነው።

ሰውን ከታሪኩ ማስወጣት ሲያስፈልግ ማብራሪያ አለመስጠት ነው። በ1974 በተጀመረው «ሃፒ ዴይስ» የካኒንግሃም ቤተሰብ ልጆች ሦስት ነበሩ። የበኩሩ ቸክ ቅርጫት ኳሱን ይዞ ብቅ ይልና ብዙም ሳይናገር ይወጣል፤ ሚናውንም ሁለት ተዋንያን ተፈራርቀውበታል። ፎንዚ የተባለው ሞተረኛ ጎረምሳ በተመልካች ሲወደድና ለቸክ ታናሽ ወንድም ለሪቺ እንደ ታላቅ ወንድም ሲሆን ለቸክ ቦታ ጠፋ። ከሁለተኛው ምዕራፍ በኋላ ቸክ የለም፤ ሞተ አይባል፣ ሄደ አይባል። በ1984 በመጨረሻው ክፍል አባትየው ሃዋርድ በሴት ልጁ ሠርግ ላይ ሲናገር የልጆቹ ቁጥር ሁለት ነው። ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ስለ ቤተሰብ የሚተርክ ድራማ የገዛ ልጁን ከረሳ ተመልካቹ ያንን ቤት ለምን ይመነው?

ተዋናይ መተካት ይቀላል። «ቢዊችድ» በተባለው ኮሜዲ ባልየውን ዳሪንን የተጫወተው ዲክ ዮርክ በጀርባ ሕመም ሥራውን ሲያቆም በ1969 ዲክ ሳርጀንት ገባ። ሚስትም አማትም መልኩ የተለወጠውን ሰው እንደ ድሮው ይዘው ቀጠሉ።

ለጥቃቅኑ ስህተት አንድ የመጠጥ ብርጭቆ ይበቃል። አንድ ትዕይንት ደጋግሞ ይቀረጻል፤ አርታኢው ከአንዱ ቀረጻ ይህን፣ ከሌላው ያንን ሲቀጥል ግማሽ የነበረው ብርጭቆ ተመልሶ ይሞላል። ይህን የሚከላከለው እያንዳንዱን ቀረጻ እየተከታተለ የሚመዘግበው ስክሪፕት ሱፐርቫይዘር ነው፤ ስህተት ፈላጊ ማስታወሻውን አያንብብ። እርግጥ ነው፣ ሳቁ ያማረበት ቀረጻና ብርጭቆው የተስተካከለበት ቀረጻ ሲለያዩ ሳቁን መምረጥ ተገቢ ነው። በእነዚያ ድራማዎች ዘመን ደግሞ አብዛኛው ተመልካች ወደ ኋላ መልሶ የሚያይበት መሣሪያ በእጁ አልነበረም።

ቤትን ለማፋለስ ደግሞ ውጩን አንድ ቦታ፣ ውስጡን ሌላ ቦታ መቅረጽ ነው። ከ1969 እስከ 1974 በቀረበው «ብራዲ በንች» የቤቱ ውጭ ሎስ አንጀለስ፣ ስቱዲዮ ሲቲ የሚገኝ እውነተኛ መኖሪያ ሲሆን፣ ውስጡ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነበር። ሳሎኑ ወደ መኝታ ክፍሎቹ የሚያወጣ ደረጃ ስላለው፣ ቤቱ ከውጭ ፎቅ እንዲመስል ግድግዳው ላይ የውሸት መስኮት ተሰቀለ። ኤችጂቲቪ የተባለው ጣቢያ በ2018 ቤቱን በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ውስጡን እንደ ድራማው ሊያደርገው ሲነሳ ክፍሎቹ አልበቁትም፤ 185 ካሬ ሜትር ገደማ መጨመር ግድ ሆነበት።