ቀለም ቀባው!

ሶዶ ከተማ ውስጥ ጀልባ ያለው ሰው ምክር አይቸግረውም። ሐይቁ የለም እንጂ ምክሩማ ሞልቶ ተርፏል። አጎቴ አባያ ላይ ያረጀ የፋይበር ግላስ ጀልባ ገዝቶ፣ በአይሱዙ አስጭኖ ግቢው ውስጥ ካሳረፈ ወዲህ፣ ቡና ሊጠጣ የሚመጣው ሁሉ የጀልባ ሊቅ ሆኗል።

ምክሩ ግን አንድ ነው፦ «ቀለም ቀባው!» በራችን ሲያረጅ እንቀባለን፣ አጥራችን ሲያረጅ እንቀባለን፤ ጀልባ ምን ስለሆነ ነው?

አጎቴ ያስረዳል። የጀልባው ላይኛ ቆዳ ጄልኮት ይባላል፤ ቀለም የተቀላቀለበት ሬዚን ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ዓመት ከዓመት ሲጠብሰው ላዩ ኖራ ይሆናል። የማያምን በጥቁር ጨርቅ አሸት ያድርገው። ጎረቤታችን በጥቁር ኮታቸው እጅጌ ሞክረው አመኑ፤ እስካሁንም አኩርፈዋል። ኖራው ላይ የተቀባ ቀለም የሚይዘው ኖራውን እንጂ ጀልባውን አይደለም፤ ብዙም ሳይቆይ ይላጣል።

ስለዚህ መላጥ ያለበት ኖራው ነው። በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ በውሃ እየራሰ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፦ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500። አንዱ ቁጥር የሌላውን ጭረት ያጠፋል። ቸኩሎ አንዱን የዘለለ ሰው ጭረቱን የሚያየው ፖሊሹን ጨርሶ ሊኩራራ ሲል ነው። እጁ የበዛበት ደግሞ ጄልኮቱን በስቶ ፋይበሩ ላይ ይደርሳል። አክስቴ ይህን ሁሉ ቆማ ታይና፣ «ምጣዴን አንድ ቀን እንዲህ ብታሽልኝ ኖሮ» ትላለች።

ከውሃው መስመር በታች ያለው ቡናማ እድፍ ግን በብርጭቆ ወረቀት ብቻ አልለቀቀም፤ ኦክሳሊክ አሲድ አስፈለገው። የአባያ ውሃ የሚቀላው በደለል ነው፤ የብላቴ ወንዝም ከደጋው የጠረገውን አፈር ያወርድለታል። ከቢጠና የመጡ አዛውንት ዘመዳችን ይህን ሲሰሙ አጎቴን እጁን ያዙት። «ተው ልጄ፣ የእኛው አፈር ነው፤ አጥበህ አትድፋው፣ እንሰቱ ሥር ጨምረው።»

አሁን አንዱ ጎን አልቆ፣ ሰም ተቀብቶ ፊት ያሳያል። ፊቱን መጀመሪያ ያየበት አውራ ዶሯችን ነው፤ ባላንጣ መጣብኝ ብሎ እስኪደክመው በመንቆሩ ወጋው። አጎቴ ዶሮው ለጊፋታ ይታረድ ብሏል። አክስቴ ደግሞ ጊፋታ ሩቅ ነው፣ ለጊዜው ጀልባውን ቀለም ቀባው ብላለች።