ኤልሬም እና የወይዘሮ አልማዝ ሁለት ዕጣ

ሬዲስ በተባለው የቁልፍና የእሴት ዳታቤዝ ውስጥ ከዝርዝር ላይ ስም የሚፋቀው ኤልሬም በሚባል ትእዛዝ ነው። ጣሊያናዊው ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ ሬዲስን በ2009 እ.ኤ.አ. ካወጣው ወዲህ ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ አለ። ትእዛዙ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ የዝርዝሩን ቁልፍ (መጠሪያውን)፣ አንድ ቁጥርና የሚፋቀውን ነገር። ጣጣው ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ከዜሮ በላይ ከሆነ ከዝርዝሩ ራስ ተነስቶ ያን ያህል ተመሳሳይ ይፍቃል። ከዜሮ በታች ከሆነ ከጭራው ይጀምራል። ዜሮ ከተጻፈ ግን አንድም አያስተርፍም።

በአሜሪካ በምትገኘው በኮሎምበስ ከተማ፣ በሪከንባከር የጭነት አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ ባሉት መጋዘኖች የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ዕቁብ ገቡ እንበል። ዕጣው በአንድ ቀን ወጥቶ ተራው ሁሉ በሬዲስ ተመዝግቧል፤ ከአባላቱ አንዱ ኮምፒውተር የተማረ ስለሆነ በደብተር መጻፍ ነውር ሆኗል። ወይዘሮ አልማዝ ሁለት ዕጣ ስለያዙ ስማቸው 3ኛም 17ኛም ላይ ይገኛል። ሁለቱን መክፈል ከበዳቸውና የኋለኛውን ልተው አሉ። ትክክለኛው ቁጥር ከዜሮ በታች አንድ ነው። ጸሐፊው አንድ ብቻ ብለው ከጻፉ የቅርቡ ተራ ይፋቅና ሴትዮዋ ገንዘባቸውን ለማየት እስከ 16ኛው ይጠብቃሉ፤ ከፊታቸው አንድ ስም ወጥቷልና። ዜሮ ከጻፉ ደግሞ ወይዘሮ አልማዝ ከነጭራሹ ዕቁብተኛ አይደሉም። ሬዲስ ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው መልስ የፋቃቸውን ብዛት ነው፤ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ አይጠይቅም፣ የፋቀውንም አይመልስም። ሽማግሌ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው።

ማመሳሰሉም ይሉኝታ አያውቅም። ፊደል በፊደል ካልገጠመ አይነካም፤ «በአበ የሚጀምሩትን ሁሉ» የሚል ትእዛዝም አይቀበልም። ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ ከባድ ቅጣት ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉና ሃይሉ በዕቁቡ ዳኛ ዘንድ አንድ ሰው ናቸው፤ በኤልሬም ዘንድ ሦስት። በአካባቢው ታሪክም ይኸው አለ፦ በ1890 እ.ኤ.አ. ኮሎምበስ የተወለደው የአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ ኤዲ ሪከንባከር የቤተሰቡን ስም ጀርመንኛ እንዳይመስል አንድ ፊደል ቀይሮበታል። ሎክቦርን ይባል የነበረው የጦር አየር ማረፊያ በ1974 እ.ኤ.አ. ስሙን ሲወስድ የወሰደው የተቀየረውን ነው፤ በድሮው አጻጻፍ የሚፈልገው ኤልሬም ቢኖር ዜሮ ይዞ ይመለስ ነበር። ዜሮ ደግሞ ግራ ያጋባል፤ ስሙ አልተገኘም ማለት ሊሆን ይችላል፣ ዝርዝሩ ራሱ የለም ማለትም ሊሆን ይችላል። የቁልፉን ስም ያሳሳተ ጸሐፊ ምንም የስህተት መልእክት አይደርሰውም።

በመጋዘን ሥራ ትእዛዙ የከበረ ቦታ አለው። የደንበኛ ጥያቄ «ከሚጠብቁ» ዝርዝር ወደ «በሥራ ላይ» ዝርዝር ይዛወራል፤ ዕቃው ታሽጎ ሲያልቅ ከሁለተኛው በኤልሬም ይፋቃል። ፕሮግራሙ መሃል ላይ ቢወድቅ ጥያቄው በሁለተኛው ዝርዝር ስላለ አይጠፋም። ዝርዝሩ ሲረዝም ግን ዋጋው ይታያል፤ ኤልሬም የሚፈልገውን ለማግኘት እያንዳንዱን እየፈተሸ ይሄዳል፣ ሬዲስም ትእዛዞችን አንድ በአንድ ስለሚፈጽም ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ለሠላሳ ዕቁብተኛ ይህ ከቁም ነገር አይገባም፤ ለሚሊዮን ጭነት ይገባል። ስብስብ የሚባለው ሌላ የሬዲስ መዝገብ ዓይነት አፋፋቁ ፈጣን ነው፤ ግን አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ስለማይቀበል የወይዘሮ አልማዝን ሁለተኛ ዕጣ ከበር ይመልሰዋል። ወደ ዝርዝሩ ስንመለስ፣ የቀረው አንድ ስም ሲፋቅ ቁልፉም አብሮ ይጠፋል።

ከዝርዝር መሃል አንድን ነገር በስም ሳይሆን በተራ ቁጥር ለይቶ የሚፍቅ ትእዛዝ የለም። ባለሙያዎች የሚሄዱበት መንገድ በኤልሴት ትእዛዝ በዚያ ተራ ላይ ሌላ ማንም የማይጠቀምበት ቃል መጻፍ፣ ቀጥሎም ያንን ቃል በኤልሬም መፋቅ ነው። ቃሉ የማንም ስም መሆን የለበትም። ትርጉሙ ይስማማል ብሎ «ደምሰው»ን የመረጠ ጸሐፊ አቶ ደምሰው በዕቁቡ አለመኖራቸውን አስቀድሞ ያረጋግጥ።