ስለ ገጽና ደቂቃ ምጣኔ፦ በቶልኪን አፍቃሪዎች ሙግት ላይ የቀረበ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ ልቦለድ ወደ ፊልም ሲቀየር ስንት ሰዓት መርዘም እንዳለበት ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ መወሰን ነው። ጥያቄው እስከ ዛሬ እልባት ያጣው መልስ ጠፍቶ ሳይሆን መላሽ በዝቶ ነው። ለናሙና የተመረጡት የእንግሊዛዊው ጄ. አር. አር. ቶልኪን መጻሕፍት ናቸው፤ ምክንያቱም የእሳቸውን አንባቢዎች በክርክር የሚስተካከል አልተገኘም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በ1937 የታተመው «ዘ ሆቢት» 300 ገጽ ገደማ ያለው የልጆች መጽሐፍ ነው። ፒተር ጃክሰን ከ2012 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት ሦስት ፊልም አወጣለት፤ ድምሩ 474 ደቂቃ። «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» በበኩሉ ከ1,000 ገጽ በላይ ነው፤ ያው ጃክሰን ቀደም ሲል በሠራቸው ሦስት ፊልሞች የደረሰው 558 ደቂቃ ብቻ ነው። ሲካፈል ትንሹ መጽሐፍ በገጽ አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ትልቁ ደግሞ ግማሽ ደቂቃ ገደማ አግኝቷል። ሕጉ ግልጽ ነው፦ መጽሐፉ ባጠረ ቁጥር ፊልሙ ይረዝማል። በዚህ ስሌት ቶልኪን ለጎረቤታቸው የጻፏት ቁራጭ ወረቀት ብትገኝ ተከታታይ ድራማ ይወጣታል። አንባቢ እንዳይስቅ፤ አማዞን በ2022 የጀመረው ድራማ በዋናነት የተቀዳው ከመጽሐፉ ኋላ ከተለጠፉት አባሪዎች ነው።

አፍቃሪው በሁለቱም ምጣኔ አልረካም። ሆቢት ተለጠጠ ይላል፤ መጽሐፉ ውስጥ የሌለችው ታውሪየል ከየት መጣች ይላል። ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ደግሞ ተቆረጠ ነው የሚለው፤ በተለይ ቶም ቦምባዲል። ቦምባዲል ጫካ ውስጥ የሚኖር፣ ቢጫ ቦት ጫማ የሚያደርግ፣ ከማውራት መዝፈን የሚቀለው ሰውዬ ነው። ታሪኩ የሚሽከረከርበትን አስማተኛ ቀለበት ጣቱ ላይ ቢያጠልቀው እንኳ ምንም አላደረገውም፤ ጃክሰንም ፊልሙ ያለ እሱ ይሄዳል ብሎ አወጣው። ቅር ላላቸው በሙሉ የተራዘመ ቅጂ ተዘጋጀ፤ 201 ደቂቃ የነበረው ሦስተኛው ፊልም አራት ሰዓት አለፈ። ቦምባዲል እዚያም የለም።

ወደ መስክ ምልከታ እንለፍ። ተከራካሪው ሶፋ ላይ ነው፤ መጽሐፉ ጭኑ ላይ፣ ሪሞቱ እጁ ላይ። ኤልፏ አርዌን ቀለበቱን የተሸከመውን ቁስለኛ ሆቢት ፍሮዶን ፈረስ ላይ አስቀምጣ ወንዙን ስትሻገር ፊልሙ ቀጥ ይላል። «ግሎርፊንዴልስ?» በመጽሐፉ ፈረሱ ግሎርፊንዴል የተባለ ሌላ ኤልፍ ነው ያለው፤ ፍሮዶም የተሻገረው ብቻውን ነው። ፈንዲሻ እንደያዙ የቀሩት እንግዶች ገጹ ይነበብላቸዋል። ፈረሱ በሁለቱም ነጭ እንደሆነ ሲነገረው ትንሽ ረገብ ይላል፤ ሪሞቱን ግን አያስቀምጥም።

ሙግቱ በስልቱ የአንድምታ ትርጓሜን ይመስላል። የታሪኩ ግዙፍ ንስሮች ከመጀመሪያው ፍሮዶን ተሸክመው ቀለበቱ እስከሚጠፋበት እሳተ ገሞራ ድረስ ለምን አልበረሩም? አንድም የጠላት ዓይን ያያቸው ነበር፤ አንድም ንስር የሰው አሽከር አይደለም፤ አንድም ታሪኩ በመጀመሪያው መቶ ገጽ ያልቅ ነበር። ልዩነቱ፣ የአንድምታው መምህር ተማሪውን ለምሳ ይለቀዋል።

ከግኝቶቹ ሁሉ የከበደው የሦስተኛው ፊልም መጨረሻ ነው። ቀለበቱ ከጠፋ በኋላ ፊልሙ ያለቀ እየመሰለ ደጋግሞ ይቀጥላል፤ ተመልካች ጃኬቱን ለብሶ ያወልቃል፣ አውልቆ ይለብሳል፣ ማለቂያ የለውም እንዴ ይላል። ይኸው ሰው መብራት እንደበራ፣ ሆቢቶቹ አገራቸው ገብተው ወራሪውን ያባረሩበት ምዕራፍ ለምን ቀረ ብሎ ያማርራል። በመጽሐፉ ቀለበቱ ከጠፋ በኋላ ገና ስድስት ምዕራፍ አለ። እንግዲህ የተፈለገው በጣም የሚረዝም፣ ቶሎም የሚያልቅ ፊልም ነው። የሲኒማው ጥበብ እዚህ ላይ ገና አልደረሰም።

ጠባዩ ከደራሲው የተወረሰ ለመሆኑ ማስረጃ አለ። በ1958 ቶልኪን አንድ የፊልም ጽሑፍ ተልኮላቸው፣ በየትዕይንቱ ጉድፍ ነቅሰው፣ ንስሮቹ ያላግባብ መመላለሳቸውንም ተቃውመው ረጅም አስተያየት ጻፉ። ፊልሙ ሳይሠራ ቀረ። ይህ ጥናት እስካሁን ቅሬታ ያላገኘበት ብቸኛ ፊልም እሱ ነው።

ቦምባዲልን በሚመለከት፦ በ2024 በአማዞኑ ድራማ ሁለተኛ ሲዝን ላይ ዘፈኑን ይዞ ብቅ አለ። ተከራካሪዎች ቦታው ተሳስቷል አሉ። መጽሐፉ ያኖረው ከሆቢቶቹ አገር ከሻየር አጠገብ ባለው አሮጌው ጫካ ነው፤ ድራማው ያገኘው ግን ከዚያ እጅግ ርቆ፣ በምሥራቅ ባለው የሩን በረሃ ነው።