የጓሮ ሜትሮሎጂ

የቤት አየር ሁኔታ መለኪያ ሲተከል ቴርሞሜትሩ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍ ብሎ፣ በጥላ፣ ከግድግዳ ርቆ ይቀመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ቢገኝማ ሰርቪስ ቤት ተሠርቶበት በተከራየ ነበር። ስለዚህ መሣሪያው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይወጣና እኩለ ቀን ላይ የአፋርን ሙቀት ለጉለሌ ያድላል።

የግፊቱ ይብሳል። የከተማዋ ከፍታ፣ 2,300 ሜትር ገደማ፣ ካልተሞላለት 770 ሄክቶፓስካል አካባቢ ያነባል። በ1979 እ.ኤ.አ. ፓስፊክን ያናወጠው፣ በዝቅተኛ ግፊት ክብረ ወሰን የያዘው ታይፉን ቲፕ እንኳ 870 ነበር። ባለቤቱ ግን ልብስ አስጥቷል።

የዝናብ መለኪያው በሐምሌ ዶፍ «0» ካለ ክረምቱ አልቀረም፤ ተገልባጯ ጽዋ ላይ ሸረሪት አድርታለች። በብሩሽ ይጠረጋል።