ስሙን የተነጠቀው ግራር

መራዊ ላይ ግራርን ግራር ለማለት ጉባኤ አያስፈልግም። የዕፅዋት ሊቃውንት ግን ሁለቴ ተሰብስበውበታል፦ በ2005 እ.ኤ.አ. ቪየና፣ በ2011 ሜልቦርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግራር ይመደብበት የነበረው አካሺያ የተባለው ወገን ከመጠን በላይ ሰፍቶ መከፋፈል ነበረበት። በደንቡ መሠረት ስሙ የሚገባው ሰከላ ላይ በሚመነጨው በዓባይ ስም ለሚጠራው ለአካሺያ ኒሎቲካ ነበር። ዳሩ ግን አውስትራሊያ ወደ 1,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሏት፤ ያን ሁሉ ስም ከመለወጥ የአፍሪካን መለወጥ ይቀላል ተባለ። የእኛው አካሺያ አቢሲኒካም ከነእሾኹ ቫቼሊያ ተብሎ አረፈው። ውሳኔው የጸናው አውስትራሊያ ምድር ላይ መሆኑ እንግዲህ አጋጣሚ ነው፤ ዳኛን መጠርጠር ነውር ነው።

ከመራዊ ወደ እንጅባራ ሲኬድ ደግሞ ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው ለከሰል የሚያለማው ዛፍ አለ፤ ዲከረንስ ይለዋል። መጤ ነው፣ ከአውስትራሊያ። ሙሉ ስሙ አካሺያ ዲከረንስ፤ ማንም አልነካበትም። እንግዳው በስሙ ሲከበር ባለርስቱ መታወቂያ ቀየረ።

የሳሎኗ ሳንሰቬሪያም አልተረፈች፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በድራሲና ወገን ሥር ተጠቃላለች። ውሃ ለምታጠጣት እመቤት ግን የዝውውር ደብዳቤ አልደረሳትም።